የግማሽ መኪና ፍሬን

አባትየው ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሊሞት ሲል ሦስት ልጆቹን ጠርቶ «እኩል ተካፈሉ፤ አትጣሉ» አለ። ልጆቹ የመጀመሪያውን ቃል አንድ ሳያጎድሉ ፈጸሙ። ሁለተኛው ላይ ለመድረስ ጊዜ አላገኙም።

ቤቱ በመሃል ግድግዳ ተከፍሎ ለሁለቱ ወንድሞች ሆነ። ግቢውና ግቢው ውስጥ ያለው መጋዘን ለእህታቸው ደረሰ። የግድግዳው ሰዓት ለታናሹ ወጣ፤ ሰዓቱ የተሰቀለበት ሚስማር ግን የታላቁ ግድግዳ ላይ ነበር። ታላቁ «ሚስማሬን አልሰጥም» አለ። ታናሹ «እኔም ሰዓቴን ከለመደው ሚስማር ሌላ ላይ አላንጠለጥልም» አለ። በዚህ ምክንያት ሰዓቱ ወለል ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ሰዓት ማወቅ የፈለገ ሰው ጎንበስ ይላል።

ታላቁን ሰፈሩ «ሾፌሩ» ይለዋል። ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ታናሹ አናጢ ነው። እህታቸው ልብስ ሰፊ ናት። በዕድሜም መሃል ናት፣ በጠባቸውም መሃል ናት።

ያጣላቸው መኪናው ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣሪያ የሌለው፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ለመግባት የሚያንበረክክ ቀይ የድሮ የስፖርት መኪና ነው። አባትየው እሁድ እሁድ ብቻ ይነዳው ነበር፤ በሕይወት ሳለ መሪውን ለማንም አሳልፎ አልሰጠም። እሱ ሲሞት ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ለካችው፤ ሜትሩን ለሁለት አጠፈችና መሃሉ ላይ በልብስ ጠመኔ መስመር አሰመረች። መስመሩ የወንበሮቹ መቀመጫና መደገፊያ የሚገናኙበት ላይ አረፈ።

የፊቱ ከነሞተሩ፣ ከነመሪው፣ ከነመቀመጫው የሾፌሩ ሆነ። የኋላው ከነመደገፊያው የአናጢው ሆነ። ሾፌሩ መቀመጥ ይችላል፣ መደገፍ አይችልም። አናጢው መደገፍ ይችላል፣ መቀመጥ አይችልም። ሞተሩ የአንዱ ነው፤ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች የኋለኞቹ ስለሆኑ የሌላው ናቸው። ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆነው ከረሙ፤ መኪናውም በእህታቸው መጋዘን ውስጥ አንሶላ ለብሶ ከረመ።

በዚያ ሰሞን የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ማሳደሻው ደረሰ። ለማሳደስ ዓይን ይመረመራል፤ ምርመራው ሰኞ ነው። መነጽር የሚሸጠው ሰው ግን አስቀድሞ ቁርጡን ነግሮታል።

«መሃሉን ያያሉ አባት። ዳር ዳሩ ሄዷል። አያሳልፉዎትም።»

ሾፌሩ ይህን ለእህቱ ብቻ ነገራት። ለወንድሙ አልነገረም፤ ለወንድሙ ነገር መንገር ካቆመ ቆይቷል። በልቡ ግን አንድ ነገር ይብላላ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና በሰው መስመር ነድቷል። የራሱን መኪና ነድቶ አያውቅም። ከሰኞ በፊት ከግቢው በር ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ መስቀለኛው መንገድ ጋ ቆሞ፣ ዞሮ ወደ ቤቱ መመለስ ይፈልጋል። ሌላ አይፈልግም።

ሞተሩ ደኅና ነው፤ አልፎ አልፎ አስነስቶ ያሞቀዋል። የሚያግደው ፍሬኑ ነው። መርገጫው ሲረገጥ እንደ ጉቦኛ ዘበኛ ማንንም ሳይጠይቅ እስከ ወለሉ ያሳልፋል። ከግቢው በር እስከ መስቀለኛው ድረስ ደግሞ መንገዱ ቁልቁለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት አንሶላውን እስከ ጠመኔው መስመር ድረስ ገለጠ። የፊቱን በክሪክ አነሳ፣ ጎማዎቹን አወለቀ፣ ዘይቱን የሚያግዱትን ያረጁ ጎሚኒዎች ጣለ፣ የፊቱን ቱቦዎች በአዲስ ተካ፣ የፍሬን ዘይቱን ሞላ። እጁ ሥራውን ያውቃል፤ ዓይኑን ብዙም አያማክረውም። የኋላው ላይ ሲደርስ ግን እጁን ሰበሰበ። እህቱ በመጋዘኑ ጥግ የስፌት መኪናዋ ላይ ትሰፋለች።

«እታለም፣ እስቲ ያንን ሰውዬ ጥሪልኝ።»

«የትኛውን ሰውዬ?»

«የኋላውን።»

አናጢው እርሳሱን ከጆሮው ሳያወርድ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ወንድም ጋሼ፣ ጠራኸኝ አሉ?»

«ፍሬን እየሠራሁ ነው።»

«ይታያል።»

«የእኔን ጨርሻለሁ። የቀረው ያንተ ነው።»

«የእኔ ደግሞ ምን ሆነ?»

«አይዝም።»

«እንዴት አይዝም? አባታችን ከሞተ ጀምሮ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም እኮ! ከዚህ በላይ ምን ፍሬን አለ?»

ልብስ ሰፊዋ ክር ነክሳ ሳቋን ያዘች። ሾፌሩ አልሳቀም።

«መንዳት እፈልጋለሁ» አለ።

«ከልካይ የለህም። ግማሽህን ንዳ።»

«አንተ ልጅ፣ በጠዋቱ ነገር አታምጣብኝ!»

እህታቸው መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አጋጨችው። «ስሙኝ። መጋዘኑ የእኔ ነው። ይሄ ነገር እስከ ቅዳሜ በገዛ እግሩ ካልወጣ ለሁለት ቀድጄ ነው የማስወጣው። መስመሩን አስምሬ ጨርሻለሁ።»

እንደምታደርገው ሁለቱም ያውቃሉ። አንድ ጊዜ የአባታቸውን ካፖርት እንዲሁ አድርጋ አንዳንድ እጅጌ ሰጥታቸዋለች።

አናጢው ተስማማ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጠ፤ በእሱ በኩል የሌላ ሰው እጅ አይገባም፣ ጥላው እንኳ አያርፍም። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። አናጢው የኋላውን አንስቶ ጎማዎቹን አወለቀ፤ በሚያውቀው መንገድ ጀመረ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ። የፍሬኑን ሸራ እንደ በር ጉበን በመላጊያ ዳበሰው። ያላወቀውን ዕቃ ሁሉ ጠርጎ ወደ ቦታው መለሰ። መጨረሻ ላይ ከመኪናው ሆድ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያልፈው የላስቲክ ቱቦ ጋ ደረሰ። ቱቦው አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። አባቱ በእጁ ያስገባው መሆኑን ያስታውሳል፤ ያን ዕለት ፋኖሱን የያዘለት እሱ ነበር። ሊጥለው አልቻለም። ቫርኒሽ አምጥቶ ቀባው። ሲደርቅ ደገመው።

«ጨርሻለሁ» አለ።

ሾፌሩ ዞሮ ጎንበስ ብሎ አየ። ቱቦው በመብራቱ ሲያብለጨልጭ ታየው።

«ቱቦውን በአዲስ ቀይረሃል፤ ጎበዝ» አለ።

አናጢው የቫርኒሹን ጣሳ በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ። ከወንድሙ አፍ «ጎበዝ» የሚል ቃል ከሰማ ዘመን አልፎታል፤ በእውነት ሊያበላሸው አልወደደም።

ቀጥሎ አየር የማስወጣቱ ሥራ መጣ። ፍሬን ተፈቶ ሲገጠም ቱቦው ውስጥ አየር ይቀራል፤ አየሩ ካልወጣ መርገጫው እንደ ትራስ ይለሰልሳል። ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ መርገጫውን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ማስተንፈሻ ብሎን ይከፍታል። አየሩ ከዘይቱ ጋር አረፋ እየሠራ ወደ ጠርሙስ ይወጣል፤ ብሎኗ ትዘጋለች፤ ያኔ እግር ይነሳል። ብሎኗ ሳትዘጋ እግር ከተነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ነገሩ ያለ ትእዛዝ አይሆንም፤ ብሎን የያዘው ያዝዛል፣ እግሩ ይታዘዛል።

ከኋላ ጎማ ነው የሚጀመረው፤ ብሎኑ የአናጢው ነው፣ መርገጫው የሾፌሩ።

«እኔ አልረግጥም» አለ ሾፌሩ። «ያሳደግሁት ልጅ ርገጥ፣ ልቀቅ እያለ ሊያዘኝ?»

ስለዚህ እግር ከገለልተኛ ወገን ተፈለገ። ልብስ ሰፊዋ የምትዘመዝመውን ቀሚስ ጭኗ ላይ እንዳደረገች መሪው ፊት ተቀመጠች።

«ርገጪ እትዬ!» አለ አናጢው ከታች።

ረገጠች።

«ያዢ!»

«ይዣለሁ።»

ጠርሙሱ ውስጥ አረፋው ተንተከተከ። አናጢው ጠበቀ። አረፋው አላባራም። ሾፌሩ አጎንብሶ የእህቱን እግር አየ። እግሯ እንደ ልማዷ የስፌት መኪናዋን መርገጫ ሲረግጥ እንደሚኖረው ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል።

«አልያዝሽም! እየሰፋሽ ነው!»

«እግሬ ነው እንጂ እኔ መች ሰፋሁ።»

«እግርሽን ያዢው!»

«እግሬን ከያዝኩ መርገጫውን በምን ልያዝ?»

ደገሙት። እግሩ አንድ ቦታ መቆም አልሆነለትም፤ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ አያውቅም። አየሩ በወጣ ቁጥር ይመለሳል። ከታች የአናጢው ድምፅ መጣ።

«ይሄ አየር የእኔ አይደለም።»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«የእኔ አየር ወጥቶ አልቋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄ ከፊት የሚመጣ ነው። ያንተ አየር ነው፣ ያለ ፈቃድ በእኔ ቱቦ የሚመላለሰው።»

«የጠርሙሱን ዘይት ታዲያ የማን ልትለው ነው? ያፈሰስከው የእኔን ዘይት ነው!»

«ውሰደው! አየርህንም ጨምረህ ውሰድ!»

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን አጣጥፋ ወረደች። «እኔ ለዚህ እግር አልፈጠረብኝም። እርስ በርሳችሁ ተጨራረሱ» ብላ ወደ ጥጓ ሄደች።

ሾፌሩ ሰኞን አሰበ። ከዚያ መቀመጫው ላይ ወጣ፤ መደገፊያውን ላለመንካት ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«በል እዘዝ» አለ።

አናጢው ከመኪናው ሥር አንገቱን አወጣ። ጆሮውን ያመነ አይመስልም።

«ርገጥ።»

ረገጠ።

«ያዝ! ... ያዝ እንጂ! ... ልቀቅ። አሁንም ርገጥ። በደንብ ርገጥ፣ ምሳ አልበላህም? ያዝ! ልቀቅ። ርገጥ!»

ሾፌሩ በአውቶቡሱ ዘመን ይህን ያህል የታዘዘ አይመስለውም። ላቡ በጀርባው ወረደ። አንዱን ጎማ ጨርሰው ወደ ሌላው ሄዱ። ከብዙ ርገጥና ልቀቅ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ከጥጓ አንገቷን አስግጋ ጠርሙሱን አየች።

«አንተ! አረፋው እኮ ካቆመ ቆየ!»

«ላረጋግጥ ብዬ ነው እትዬ» አለ አናጢው።

ተራው የፊቱ ሆነ። አሁን ብሎን ከፋቹ ሾፌሩ ነው፤ መርገጫው ላይ የሚቀመጠው አናጢው መሆን ነበረበት። አናጢው ጠመኔውን መስመር አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ድንበር አላልፍም። ዛሬ ካለፍኩ ነገ አንተ ታልፋለህ።»

«ታዲያ በምን ልትረግጥ ነው?»

አናጢው ወጥቶ ሄደ። የመጋዝ ድምፅ ተሰማ፤ የመላጊያ ድምፅ ተከተለ። ሲመለስ ረጅም የእንጨት እግር ይዞ መጣ። ከታች ተረከዝ አለው፤ ተረከዙ ላይ እንዳይንሸራተት የጫማ ሶል መትቶበታል። የኋላው ዕቃ መጫኛ ክዳን ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ እንጨቱን በመደገፊያው ላይ አሳልፎ ወደ ታች ሰደደና መርገጫው ላይ አሳረፈው።

«አሁን እዘዘኝ። እኔ በአገሬ ተቀምጫለሁ። ያለፈው እንጨት ነው።»

እንጨቱ ሲይዝ እንደ ምሰሶ ነው የሚይዘው፤ አይሰፋም፣ አይደክምም። ችግሩ ከሾፌሩ መጣ። መሬት ላይ ተኝቶ መፍቻውን ወደ ማስተንፈሻዋ ሲሰድ በጎን ያልፋታል። እንደገና ሲሰድ ብረቱን ይመታል። አናጢው ከላይ ሆኖ ያየዋል።

«ወደ ግራ።»

«አውቃለሁ።»

«ወደ ግራ ነው የምልህ። እሷ አይደለችም። እሷ የጎማው ብሎን ናት።»

«አውቃለሁ አልኩህ!»

አናጢው እንጨቱን እንደያዘ ሁለት ጣቱን አወጣ። «ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ቀና በል። ይሄ ስንት ጣት ነው?»

«ያንተ ጣት እኔ ምን አገባኝ? ድርሻህ ነው፣ ራስህ ቁጠረው።»

አናጢው ወደ እህቱ ዞረ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ «ሰኞ መንጃ ፈቃዱን ይቀሙታል» አለች። «ዳር ዳሩ አይታየውም። አንድ ቀን የራሴን ነድቼ ብሎ ነው።»

አናጢው ጣቶቹን አጠፈ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ አናጢው።

«ስንካፈል ዓይኔ አልተቆጠረም። ያንተ ድርሻ የለበትም።»

አናጢው እንጨቱን አልለቀቀም። ድምፁን ብቻ ዝቅ አደረገ። «ወደ ግራ። ትንሽ ወደ ላይ። አዎ። እሷ ናት። ክፈታት።»

እንዲህ ሆኖ የፊቱ አየር ወጣ። ሾፌሩ ሲጨርስ ወጥቶ መርገጫውን በእጁ ተጫነው። ድንጋይ ሆኗል። ልቡ ቅቤ ጠጣ፤ ፊቱ ግን ምንም አላለም።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሁለቱንም የግቢ በር ከፈተች። ሾፌሩ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ሞተሩን አስነሳ። አናጢው ትራስ ይዞ መጣ።

«ወዴት ነህ?»

«ግማሼ ብቻዋን አትሄድም።»

«መቀመጫው የእኔ ነው።»

«አልተቀመጥኩበትም።» ትራሱን የዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ አድርጎ እግሩን አጣምሮ ጉብ አለ፤ ለወንድሙ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላ ዞረ።

«ወድቀህ ትሰበራለህ!» አለች እህቱ።

«ከኋላ የሚመጣውን ልጠብቅ ነው እትዬ።»

ወጡ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል የመድኃኒት መሸጫና የጫማ ሠሪው ሱቅ፣ በሌላው በኩል ልብስ የተሰጣባቸው በረንዳዎች። ሾፌሩ በሰው ርምጃ ፍጥነት ቁልቁለቱን ያዘ። ፍሬኑን ነካ ሲያደርገው ያዘለት፤ ለቀቀው፣ ሄደ። መሪው በመዳፉ ውስጥ ቀጭን ነው፤ እንደ አውቶቡሱ ትከሻ አይጠይቅም፣ ጣት ይበቃዋል። ከፊቱ ያለው መንገድ ብቻ ጥርት ብሎ ይታየዋል። ዳር ዳሩ እንደ ተነፈሱበት መስታወት ነው፤ በዚያ በኩል ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንገቱ ይገተራል።

አናጢው የወንድሙ ማጅራት መገተሩን ሳያይ አወቀ። እግሩን እንዳጣመረ ዞረና ወደ ፊት ማየት ጀመረ።

«በግራ በኩል ውሻ አለ። ተኝቷል። አይነሳም» አለ።

«እሺ።»

«በቀኝ ብስክሌት። ቆሟል። ባለቤቱ ሱቅ ገብቷል።»

«እሺ።»

«ሴትዮዋ በረንዳ ላይ ሆና እያየችን ነው።»

«እሷ መንገድ ላይ የለችም፤ አትቁጠራት።»

ትንሽ ሄዱ። አናጢው የወንድሙን ቀጥ ያለ ጀርባ ተመለከተ። በጀርባውና በመደገፊያው መሃል መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

«ተደገፍ» አለው።

«ያንተ ነው።»

«የእኔ መሆኑን ማን ጠየቀህ? ወገብህን ሊቆርጠው ነው። ተደገፍ።»

ሾፌሩ ቀስ ብሎ ተደገፈ። ወንበሩ ጮኸ። አባቱ ይህን መንገድ እንዲህ ተጋድሞ ይወርድ እንደነበር አስታወሰ። በዚያን ጊዜ የሚያስቀናው መሪው ይመስለው ነበር፤ ለካ መደገፊያው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላሳጠረውም፤ እያንዳንዷን ድንጋይ ቀስ ብሎ አለፈባት።

መስቀለኛው ጋ ሲደርሱ ቀይ በራ። ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ሳይጮህ፣ ሳይንሸራተት፣ አፍንጫውን እንኳ ሳይደፋ ቆመ። አውቶቡስ ሲነዳ የቆመው መቆም ሁሉ በትእዛዝ ነበር፤ ይሄኛው የራሱ ነው። እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረው።

«አየህ አቋቋሙን?» አለ።

«አየሁ።»

አረንጓዴ በራ። ሾፌሩ እግሩን አነሳ፣ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ አጓራ። መኪናው አልሄደም። እንደገና ሰጠው። ከኋላ ጎማዎቹ ብረት የሚያላምጡ መስሎ ተንገጫገጨና ሞተሩ ጠፋ። ከበስተኋላቸው ክላክስ ተጀመረ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ተቀበለ።

መስቀለኛው ላይ የቆመች ትራፊክ ፖሊስ ነጭ ጓንቷን እያጠለቀች መጣች። ወጣት ናት።

«አባባ፣ ለምንድን ነው የማይንቀሳቀሱት?»

«ፍሬኑ ነው ልጄ።»

«አልሠራ አለ?»

«ኧረ ሠርቷል። ሥራውን አልተው አለ እንጂ።»

«የማን ነው መኪናው?»

«እስከዚህ የእኔ ነው» አለ ሾፌሩ ወገቡን እያመለከተ።

«ከዚህ ወዲያ የእኔ» አለ አናጢው።

ፖሊሷ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አየች። ጠጋ ብላ የፊቱን ጎማ በእግሯ ነካችው፤ ከዚያ የኋላውን።

«የትኛው ነው የያዘው?»

«የእሱ» አለ ሾፌሩ። «የእኔ ነጻ ነው፤ ከፈለግሽ አንሺና አዙሪው። አልሄድም ያለው የኋላው ነው።»

«የቆምነው በማን ሆነና!» አለ አናጢው። «ቁልቁለቱን የያዘልህ የእኔ ነው!»

«እሱስ እሺ። አሁን ለምን አይለቅም?» አለ ሾፌሩ።

አናጢው ትራሱን አየ። «ቱቦውን አልቀየርኩትም» አለ።

«ምን?»

«የኋላውን ቱቦ። የአባታችን ነው።»

«አዲስ ነበር እኮ! ሲያብለጨልጭ አይቼዋለሁ!»

«ቫርኒሽ ነው።»

ክላክሱ ይጮኻል። ሾፌሩ ነገሩ ወዲያው ገባው። ያረጀ ቱቦ ውስጡ አብጦ ይዘጋል፤ በኃይል ሲገፉት ዘይቱን ያሳልፋል፣ ሲለቁት ግን አይመልስም። እንግዳ አስገብቶ በሩን የሚቆልፍ ቤት ማለት ነው። ፍሬኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥብቅ ተደርጎ ሲረገጥ ተቆለፈ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቁጣው ግን ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ።

«ስንት እጅ ቀባኸው?»

«ሁለት።»

«ጥሩ አድርገህ ነው የቀባኸው። እኔን ካታለለኝ ዓይን ያለውንም ያታልላል።»

ፖሊሷ ትዕግሥቷ አለቀ። «እኔ የምጽፈው ለአንዳችሁ ነው። የፊት ጎማው ነጩን መስመር አልፏል፣ የኋላው አላለፈም። ስለዚህ ጥፋቱ የፊተኛው ነው። አባባ፣ መንጃ ፈቃድ።»

ሾፌሩ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ገለጠችው።

«ሰኞ ያበቃል።»

«አውቃለሁ።»

«ሊያሳድሱት ነው?»

ወደ ላይ፣ ወደ መጡበት ቁልቁለት ዞሮ አየ። ከመሃል ያለው መንገድ እስከ ግቢያቸው በር ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል።

«አይ። ያዢው ልጄ። እኔ ጨርሻለሁ።»

«እንዴት እይዘዋለሁ? የሚያስነጥቅ ጥፋት አይደለም እኮ! መስመር በአንድ ክንድ ማለፍ ነው።»

«ብትመልሺልኝ እቀበልሻለሁ፣ ነገር ግን አልነዳበትም። ትርፉ ኪስ ማበላሸት ነው።»

ፖሊሷ መንጃ ፈቃዱን ይዛ ግራ ገባት። ሠላሳ መኪና የሚጮኽበት መስቀለኛ ላይ ስጦታ ያመጣላት ሰው አልገጠማትም። መጨረሻ ላይ ከደብተሯ ኋላ ሸጎጠችውና «በሉ መንገዱን ልቀቁልኝ!» ብላ ጮኸች።

አናጢው መፍቻ ይዞ ከመኪናው ሥር ተኛ። ፍሬኑ እንዲለቅ የኋላዋን ማስተንፈሻ ከፍቶ የታፈነውን ዘይት ማፍሰስ ነው ያለው መላ። ሲከፍታት ዘይቱ ተፈናጥሮ የፖሊሷ ጫማ ላይ አረፈ።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለች።

«ዘይቱ የእሱ ነው» አለ ድምፅ ከታች። «የፈናጠርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ጎማዎቹ ለቀቁ። ሾፌሩ መርገጫውን በእጁ ሞከረው፤ እስከ ወለሉ ወረደ። እንግዲህ ያለ ፍሬን አይነዳም፤ ወደ ላይ ከመግፋት በቀር ሌላ መንገድ የለም። አፍንጫውን ወደ ቤት አዞሩት። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ቆመ።

«ግባ» አለው ለወንድሙ።

«የት?»

«እዚህ። መሪውን ያዝ። እኔ እገፋለሁ።»

«ነድቼ አላውቅም እኮ!»

«ልትነዳ አይደለም፤ ልትይዝ ነው።»

«መንጃ ፈቃድም የለኝም።»

«ለሚገፋ መኪና አያስፈልግም!» አለች ፖሊሷ። «ግቡ ብያለሁ!»

አናጢው ጫማውን አራግፎ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ፤ መሪውን እንደ ትኩስ ሰሃን በሁለት እጁ ያዘ። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሄዶ መዳፎቹን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። ፖሊሷ በአንድ እጇ መኪና እያቆመች በሌላው ትንሽ አገዘችውና ተመለሰች።

ዳገቱ ረጅም ነው። ለሚገፋ ሰው ግን ዳር ዳሩ አያስፈልገውም። ሾፌሩ የሚያየው የወንድሙን ማጅራትና ከእሱ ወዲያ ያለውን መንገድ ነው፤ ያ ደግሞ ደኅና አድርጎ ይታየዋል።

«ወንድም ጋሼ፣ ወደ ቀኝ እየሄደ ነው!»

«ታዲያ ወደ ግራ አዙራ!»

«ምን ያህል?»

«ትንሽ! አንተ፣ በር አይደለም የምትገጥመው! ... አዎ። እንደዚያ። ጎበዝ።»

ከላይ ልብስ ሰፊዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ መሃል ቆማለች።

«ጋሼ! ነዳኸው?»

«ነዳሁት!» አለ ሾፌሩ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው የምትገፉት?»

«ቤት ልናደርሰው ነዋ! ዝም ብለሽ በሩን ለቀቅ አድርጊ፤ መሪውን የያዘው ሰውዬ ፍሬን የለውም!»